«አዎ» ብዬ የጻፍኩ ቀን

ጥር 19

ሁለት የተሰበረ ስክሪን፣ አንድ ውኃ የገባበት ስልክ። ውኃ የገባበት ተነሣ፤ ባለቤቱ ፎቶዎቹን ሲያይ ዓይኑ እንባ ሞላ። ልጄ ይታየሽ መዳህ ጀምራለች። ከሰቆጣው ሱቄ ወለል ብሎን አንሥታ አፏ ልትከት ስትል ቀማኋት... ጩኸቷ!

ቴሌግራም ቡድናችን ላይ አንዱ ስለ ቻርጅ ቺፕ ጠየቀ፤ ሙያውን ያስተማሩኝ ጋሽ ትእዛዙ መለሱለት። አሥራ አራት መቶ ሰው ደርሰናል፤ ስልክ የሚጠግን፣ ሶላር የሚገጥም ሁሉ። ቡድኑን ጋሼ አምደወርቅ ከተማ ሆነው መሠረቱት፣ እኔን ረዳት አደረጉኝ። እኔ ስጀምር ለሴት ልጅ የቦርድ ብየዳ ማን ያስተምር ነበር? እሳቸው ብቻ።

ጥር 21

ጋሼ ፎቶ ለጠፉ። ከአንድ ጤና ኬላ የክትባት ማቀዝቀዣ የወጣ፣ የተበላሸ ትንሽ ዕቃ። ፈተውታል። ቦርዱ ላይ በቀይ ቀስት «አንቴና»፣ «የሲም ቦታ» ብለው ጽፈዋል። ከሥሩ፦ «ክትባት ለምን ሲም ያስፈልገዋል? ልጆቻችንን ሊቆጥሩ ነው ወይስ ሊያመክኑ? ዘመቻው ሳይጀመር አስቡበት።»

ዕቃውን አውቀዋለሁ። የማቀዝቀዣውን ሙቀት የሚመዘግብ ነው። ቅዝቃዜው ሲጠፋ መልእክት ይልካል፣ በቃ። ጋሼ ይህን እንዴት ሳቱት?

ወዲያው ወደ ሌሎች ቡድኖች ተሻገረ። ከሰዓት በኋላ አንድ ደንበኛ መልሶ ለእኔው አሳየኝ።

ጥር 22

መለስኩ። ቀስቶቹን አንድ በአንድ። «ሲሙ ያለው ማቀዝቀዣው ውስጥ ነው፤ ጠርሙሱ ውስጥ አይደለም። በመርፌ ቀዳዳ የሚያልፍ ባትሪ ያያችሁ ካላችሁ ንገሩኝ፣ ልግዛ።» ሳቁ። ላይኩ በዛ። ደስ አለኝ... ሞኝ።

ጋሼ ደወሉ።

«መስከረም፣ በሰው ፊት አዋረድሽኝ።»

«እርስዎን አይደለም ጋሼ፣ ጽሑፉን ነው።»

«ቦርድ ማንበብ ማን አስተማረሽ?»

ዘጉት።

ጥር 24

የኩፍኝ ክትባት ዘመቻው ተጀመረ። ይታየሽ የዘጠኝ ወሩ አልፏታል፤ አሥር ወሯ ነው። አዘልኳት። ልወጣ ስል ስልኬ ጮኸ። የድምፅ መልእክት፤ ሴት እያለቀሰች። «ሦስት ሕፃናት... በተወጉ በማግሥቱ...» የት እንደሆነ አትናገርም። ስም የለም። ውሸት መሆኑን አውቃለሁ። ማለት... አውቃለሁ። ግን ልቅሶዋ።

የግቢው በር ላይ ቆምኩ። ተመለስኩ፣ አወረድኳት። ነገ።

ጎረቤታችን ጥሩሐረግ ከደጇ ሆና ታየኝ ነበር።

ጥር 27

ቡድኑ ላይ አንዱ ጠየቀኝ፦ «እህቴ፣ የራስሽን ልጅ አስከተብሽ?» ያ ሁሉ ሰው እያየ። «አዎ» ብዬ ጻፍኩ።

ባሌ ወንዳወቅ አምደወርቅ ከተማ መናኸሪያ፣ የሚነዳው ሚኒባስ ውስጥ ሆኖ አንብቦታል። ሲገባ፣

«መቼ አስከተብሻት?»

እራቱን አቀረብኩለት። ደግሞ አልጠየቀኝም።

የካቲት 4

አልወሰድኳትም። ሥራ በዛ። ንፋስ አለ። ጉንፋን ቢጤ ይዟታል... ለማን ነው የምዋሸው? ማንም በማያነበው ደብተር?

የካቲት 13

የጥሩሐረግን ልጅ ፊቱን ሽፍታ ወርሶታል። ዓይኑ ቀልቷል፣ ይስላል። ኩፍኝ! እናትና ልጅ ፃግብጂ ወረዳ፣ እናቷ ዘንድ ከርመው ከትናንት ወዲያ ነው የገቡት፤ ጉንፋን ነው ብላ ነበር። ትናንት ከይታየሽ ጋር አንድ ምንጣፍ ላይ ሲጫወቱ ዋሉ።

«አላስከተብሽውም እንዴ?» አልኳት።

«አንቺ የተማርሽው ከበር ስትመለሺ አይቼ ነው የቀረሁት» አለችኝ።

ኢንተርኔት ያለው ስልክ የላትም። ከጻፍኩት አንድ ቃል አላነበበችም። መመለሴን ነው ያየችው።

ሁለቱንም ልጆች ይዘን ሮጥን። ክትባት የምትሰጠው ሲስተር ዝናሽ የጥሩሐረግን ልጅ ገና ስታይ ወደ ሐኪም ላከችው። ወደ እኔ ዞረች።

«መቼ ነው አብረው የዋሉት?»

«ትናንት።»

«በሦስት ቀን ውስጥ ከተሰጣት ሊከላከልላት ይችላል። ቃል ግን አልሰጥሽም።»

ወጋቻት። ይታየሽ አለቀሰች። እኔም።

የካቲት 15

የጥሩሐረግ ልጅ ሆስፒታል ተኝቷል። ሳንባውን ይዞታል። ይታየሽን በየሰዓቱ እገልጣታለሁ። ከጆሮዋ ጀርባ፣ ግንባሯ፣ ደረቷ። ሁለት ሳምንት ጠብቂ ተባልኩ። እንዴት ነው የሚጠበቀው?

የካቲት 22

ተኮሰች። ሠላሳ ስምንት ተኩል።

ሲስተር ዝናሽ፣ «ክትባቱም ያተኩሳል፤ በሽታውም ሊሆን ይችላል። ነገ አምጫት» አለችኝ። ወንዳወቅ መኪናውን አቁሞ አጠገቧ ተቀምጧል። አልወቀሰኝም። ቢወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ሌላ ነገር መጣብኝ። ይታየሽ አንድ ነገር ብትሆን... «በጥር ተከትባ ሞተች» ይላሉ። የገዛ ጽሑፌን እያሳዩ። ከእኔ አልፎ የስንት ሰው ልጅ ያስቀራል?

የካቲት 23

ሲስተር ዝናሽ አየቻት። «ገና አይታወቅም፣ ጠብቂ» አለች።

ጻፍኩ።

«ጥር 27 ልጄን አስከትቤአለሁ ያልኩት ውሸት ነው። ዕቃው ምን እንደሆነ እያወቅኩ ፈራሁ። ያ የሴትዮዋ ድምፅ ነው ያስፈራኝ። ጎረቤቴ እኔን አይታ ቀረች፤ ልጇ ሆስፒታል ነው። የእኔ የተከተበችው የካቲት 13፣ ከታመመ ልጅ ጋር ከዋለች በኋላ ነው። አሁን ትኩሳት ይዟታል። የሚሆነውን እጽፍላችኋለሁ፣ ምንም ቢሆን።»

ላክሁት። ስልኩን መሳቢያ ውስጥ ከትቼ ወጣሁ።

የካቲት 24

ስድብ። ውሸታም... ልጇን መሞከሪያ ያደረገች... ሰባ ምናምን ሰው ከቡድኑ ወጣ።

በግል ግን አርባ አንድ መልእክት። «እኔም ያንን ድምፅ ሰምቼ ነው የተውኩት።» «ሚስቴ እንቢ ብላኛለች፣ ምን ልበላት?» «አሁን ብወስደው ይሰጡኛል?» ለሁሉም መለስኩ። ቀልድ የለ፣ ብልጠት የለ። የማላውቀውን ሲስተር ዝናሽን እየጠየቅኩ።

አንዱ የድምፁን ምንጭ ፈልጎ አገኘው። ከሁለት ዓመት በፊት በመኪና አደጋ ልጆቿ የሞቱባት እናት ናት። መጀመሪያውን ቆርጠው ጥለውታል። ምስኪን... ሐዘኗን እንኳ ሰረቋት።

ከቀትር በኋላ የይታየሽ ትኩሳት በረደ።

የካቲት 30

ሽፍታ የለም። እንዳልኩት ጻፍኩላቸው።

የጥሩሐረግ ልጅ ወጣ። ከስቷል፣ ግን በእግሩ ነው የገባው። እናቱ በደጃችን አለፈች። አላናገረችኝም። ምን ብላ ታናግረኝ?

መጋቢት 3

ጋሼ ደወሉ። በአገራችን ቋንቋ በኽምጣኛ ጀመሩ። ሲጨንቃቸው ካልሆነ ከእኔ ጋር አማርኛ ነው የሚያወሩ።

የልጃቸው ልጅ በኩፍኝ ታማ ነበር። ተርፋለች። የግራ ዓይኗ ግን... «ነጭ ሆኖ ቀረ። አያይም አለኝ ሐኪሙ፣ መስከረም።»

ወዲያው ቀጠሉ።

«ታናሽ ወንድም አላት። እሱም አልተከተበም። እኔ ነኝ የከለከልኩ። እዚህ የማያውቀኝ ሰው የለም... ሰቆጣ ላምጣው?»

«ያምጡት ጋሼ።»

መጋቢት 5

ጋሼ ልጁን ታቅፈው ከወንዳወቅ ሚኒባስ ወረዱ። አርጅተዋል። ያን ያህል ጊዜ ሆነን እንዴ ሳንተያይ?

የክትባቱ ወረፋ ላይ አንድ ሰውዬ ዞሮ አያቸው። «ያንን ፎቶ የለጠፉት እርስዎ አይደሉም?»

ሰው ሁሉ ዞረ። ድንጋይ የሚያነሡብን መሰለኝ።

«እኔ ነኝ» አሉ። ሌላ አልጨመሩም። የልጁን እጅጌ ወደ ላይ ሰበሰቡ። በዚያ ከፀጉር የቀጠነ ሽቦ በሚበይድ እጃቸው።

ልጁ ተወግቶ መናኸሪያ ስንመለስ ስልካቸውን ሰጡኝ።

«ተሳስቻለሁ ብለሽ አንቺ ጻፊልኝ።»

«እርስዎ ይጻፉ እንጂ።»

«እኔ ስጽፍ ያምኑኛል። እሱ ነው የሚያስፈራኝ።»

«ለዚህ እኮ ነው ጋሼ።»

ወንዳወቅ ሞተር አስነሥቶ ይጠብቃል፤ ተሳፋሪው ያጉረመርማል። በአንድ ጣት ጻፉ፣ አጠፉ፣ እንደገና ጻፉ። «ዕቃው የሙቀት መመዝገቢያ ነው። መስከረም ልክ ነበረች፣ እኔ ተሳስቻለሁ። የልጄ ልጅ አንድ ዓይኗ ጠፋ። ትእዛዙ።»

ያየው ሰው ቁጥር ሲወጣ አብረን አየን። ስልሳ። መቶ አርባ። ሦስት መቶ። ከዚያ ሰው መልስ መጻፍ ሲጀምር ሳያነቡ ኪሳቸው ከተቱት፤ ልጁን አቀፉና ሚኒባሱ ውስጥ ገቡ።