የአልጋዬ ዳር ባሕር

ጥቅምት 14 ቀን 1973

ዛሬም ተኝቻለሁ። ነገም እተኛለሁ። ከነገ ወዲያም… ታዲያ ምን ሊጻፍ ነው ደብተር የገዛሁት?

ሐኪሙ ያለው ይሄ ነው፦ «ለሽንት ካልሆነ ከአልጋ አትወርጂም። ስምንተኛው ወር እስኪገባ።» ከዚያ የአልጋዬን ግርጌ በጡብ ከፍ አደረጉት። እግሬ ወደ ጣሪያ፣ ጭንቅላቴ ወደ ታች። ጎረቤቴ ሻሽቱ ገብታ አየችኝና «ለመታረድ የተጋደመ በግ መስለሻል» ብላ ከት ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። እሷ ስትስቅ ማን ይችላል?

የስፌት መኪናዬ ጥግ ላይ ጨርቅ ለብሳ ቁጭ ብላለች። የሰው ቀሚስ ተቆርጦ ሳይሰፋ ቀረ። እግሬ ፔዳሏን ናፈቀ።

ሁለቱ ፅንሶች በአምስተኛ ወራቸው ነው የሄዱብኝ። ይሄ ሦስተኛዬ ነው። ይሄም ከሄደ ሌላ የምሞክርበት ልብ የለኝም። ለባሌ ለጎንፋ አልነገርኩትም። ለማን እነግራለሁ… ለደብተሩ።

ጥቅምት 17

ባሌ አበደ። ከቡና መፈልፈያው ከሥራ ሲመለስ መስታወት ተሸክሞ መጣ። ጋሼ ኑረዲን የሱቃቸውን የዕቃ መደርደሪያ ሲቀይሩ አሮጌውን መስታወት ሰጥተውት ነው። በአንድ እጁ መስታወት፣ በሌላው ለማዕዘኑ የሚሆን አንግል ብረት።

«ምን ልትሠራ ነው?»

«ባሕር።»

«የት?»

«እዚህ፣ አንቺ ፊት። ተኝተሽ የምታዪው ነገር ያስፈልግሻል። አለበለዚያ ሳላይሽ ትነሻለሽ፤ አውቅሻለሁ።»

ያውቀኛል። ትናንት ለመነሳት ሁለት ጊዜ እግሬን አውርጄ ነበር።

ጎንፋ ምጽዋ ባሕር ኃይል ውስጥ የሞተር መካኒክ ነበር። እግሩን ቆስሎ ከተሰናበተ ወዲህ ስለ ጦርነቱ አንድ ቃል አይወጣውም። ስለ ባሕሩ ግን ከተጀመረ… እንቅልፍ ነው የሚገላግለኝ።

ጥቅምት 20

ባሕሩ ፈሰሰ። መስታወቱን ያጣበቀበት ስቱኮ ሳይደርቅ ውሃ ሞላበት፤ ቸኩሎ። ወለሉ ወንዝ ሆነ። እኔ ከላይ ተኝቼ ትእዛዝ እሰጣለሁ፤ «ጆንያውን! ያንን ጨርቅ! ኧረ የስፌት መኪናዬን አንሳልኝ!» ሻሽቱ በሩ ላይ ቆማ «የሶር ፏፏቴን ለማየት ሰው ብዙ ይለፋል፤ እናንተ ቤት መጣ» ትላለች። ሆዴን ይዤ ሳቅሁ፤ ወዲያው ደግሞ ደነገጥኩ። መሳቅ ይቻላል እንዴ? ሐኪሙን አልጠየቅነውም።

ጥቅምት 25

ያዘ! አንድ ጠብታ አላፈሰሰም።

ከሶር ወንዝ በጀሪካን የመጣ ውሃ፣ አሸዋ፣ ጣት የማያክሉ ዓሦች። መጀመሪያ ጥግ ጥጉን ተወሸቁ፤ ከምሳ በኋላ ወጡ። አንዱ ጭራው ትንሽ ቀላ ያለ ነው። እሱን ወደድኩት።

ከዚያ ጎንፋ ከአልጋ ሥር ሻንጣውን ጎተተ። በባሕር ኃይል ሸሚዝ የተጠቀለለ ነገር አወጣ። ሰባት ዓመት አብሬው ስኖር አይቼው አላውቅም። ነጭ፣ ሰፊ፣ ጠርዙ የተሸበሸበ፣ በላዩ ላይ ጥቃቅን ቀዳዳ ያለበት።

«ሰሃን ነው?»

«ኮራል ነው። ድንጋይ ይመስላል እንጂ ነፍስ ያለው ነገር የሠራው ነው። ባሕሩ ውስጥ እንዲህ ሰሃን ሰሃን እየሆነ፣ አንዱ ባንዱ ላይ ተደርድሮ ያድጋል።»

«እና እንዴት ነው የሚበላው? አይሄድ፣ አይመጣ።»

«አይሄድም። ብርሃኑ ይመጣለታል። ውሃው ምግቡን ያመጣለታል። እሱ ካለበት ሳይነቃነቅ ቤቱን ይሠራል።» አለና ቀና ብሎ አየኝ።

አሃ! ገባኝ። ትራሱን ወረወርኩበት።

ግን ጥሩ ነው ያለው። ሳይነቃነቅ ቤቱን ይሠራል…

ጥቅምት 30

እሑድ። ከቀበሌ ጓድ ደበሳ መጣ። የሴቶች ማኅበር ስብሰባ ላይ ስሜ ሲጠራ የለሁም፤ ለምን? የሐኪሙን ወረቀት አሳየሁት። አነበበው፤ ገልብጦም አየው። ከዚያ ዓይኑ መስታወቱ ላይ ወደቀ።

ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ቆቡን አወለቀ። ዓሦቹን በዓይኑ ተከተለ።

«ሁሉም ባንድ ላይ ነው የሚዞሩት» አለ በመጨረሻ።

«አዎ ጓድ።»

«የሚቀር የለም።»

«የት ይቀራሉ ጓድ? መስታወት ነው።»

ፈገግ ሊል አለና ቆቡን አጠለቀ። በሩ ላይ ደርሶ ዞሮ፣ «ባለቤቴን ላምጣት? እሷም ትይ…» አለኝ። ያምጣት! ስብሰባው ቤቴ ድረስ ከመጣ ምን ቸገረኝ።

ኅዳር 9

ኮራሉ አረንጓዴ ሆነ!

ሁሉም አይደለም፤ ጠርዙ። ጠዋት ፀሐይ በመስኮት ስትገባ አየሁት። ቀጭን አረንጓዴ፣ ትናንት ያልነበረ። ጎንፋን ጠራሁት፣ ጮህኩ ማለት ይሻላል፤ ምላጭ ይዞ ጺሙ በግማሽ ተላጭቶ ሮጦ መጣ።

«ነፍስ ዘራ! እየው!»

ጎንበስ ብሎ አየ። ቆየ። ምን አስቦ ነው እንዲያ የቆየው? «እስቲ… እናያለን» አለ።

እኔ ግን አይቻለሁ። ስንት ዓመት ሻንጣ ውስጥ ተቀብሮ፣ ውሃ ሲያገኝ ብርሃን ሲያገኝ ነቃ። እጄን ሆዴ ላይ አድርጌ ተሳልኩ። ይሄ ከዳነ ይሄም ይድናል። አልኩት፤ አለቀ።

ኅዳር 15

ኮራል ጠባቂ ሆኛለሁ። ተኝቼ የማዝ፣ ጎንፋ ሮጦ የሚፈጽም።

ቀጥታ ፀሐይ አይወድም፤ ስለዚህ የፊት መስታወቴን መስኮቱ ላይ አስደግፈን ብርሃኑን በጎን እንልክለታለን። ፀሐይ ስትዞር መስታወቱን በክር የምስበው እኔ ነኝ። ሥራ አገኘሁ! ውሃው ቆሞ መቅረት የለበትም፤ ጎንፋ ከሆስፒታል የተጣለ የግሉኮስ ጎማ ለምኖ አመጣና ከባልዲ ጠብ ጠብ ያደርግለታል። ደለል ከላዩ ላይ ከተኛ ያፍነዋል፤ ሰፊ ስለሆነ ሁሉንም ይሸከማል፣ ምስኪን። ስለዚህ ትንሽ ዘንበል አድርገን አቆምነው። እንደ አልጋዬ።

አሁን እኩሌታው አረንጓዴ ነው። የጓድ ደበሳ ሚስት ትናንት መጥታ «ልጅሽ ዓይኑ እንደዚህ ያምራል» አለችኝ። አረንጓዴ ዓይን? ጎንፋ ምን ይለኛል!

ኅዳር 24

አምስተኛው ወር ገባ። ዛሬ ከድንጋዩ በቀር ማንንም ማነጋገር አላሰኘኝም።

ታኅሣሥ 6

ቡናው ደርሶ መፈልፈያው ሌት ተቀን ይጮሃል፤ ጎንፋ ቤት አይገኝም። እናቱ ከኖፓ መጡልኝ። አዮ ዲሪቤ። ቅቤ፣ ማር፣ አንድ ዶሮ፣ እና ምክር፤ ምክሩ ከሁሉም ይበዛል። ገና ከመግባታቸው ቤቱን ዞረው አዩት። ጣራው ላይ ሸረሪት፣ ምጣዱ ሥር አመድ፣ የውሃው ገንቦ ጀርባው ቆሽሾ… አንድም አላመለጣቸው። ፊቴ ቀላ። ተኝቼ ምን ላድርግ?

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ አንቺ ተኚ። እኔ አለሁ» አሉኝ። አለሁ ሲሉ ደግሞ አሉ ነው።

ታኅሣሥ 8

እንዴት ብዬ ልጻፈው…

ከምሳ በኋላ እንቅልፍ ወሰደኝ። በረንዳው ላይ ሸክ… ሸክ… የሚል ድምፅ ቀሰቀሰኝ። ዕቃ ማጠብ ነው ብዬ ልተኛ ስል ዓይኔ መስታወቱ ላይ አረፈ። ዓሦቹ አሉ። ኮራሉ የለም።

«አዮ! ምን እያደረጉ ነው?»

እየሳቁ ገቡ። ግንባራቸው አልቦ። በእጃቸው ላይ ኮራሉ። ነጭ። ጥርስ የመሰለ ነጭ።

«ዋቃዮ! ይሄ ሰሃን ስንት ጊዜው ነው ሳይታጠብ? አረንጓዴ አውጥቷል እኮ! በአመድ እንቢ አለኝ። በግራዋ ቅጠል ፈትጌ ፈትጌ አስለቀቅሁት።»

ግራዋ! የጠላ ጋን የሚታጠብበት ግራዋ!

ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ጎኔን ቁርጥ ሲያደርገኝ ተሰማኝ፤ ያ የማውቀው ዓይነት። ዕንባዬ ጆሮዬ ውስጥ ገባ። አለቀ አልኩ። ተስዬ ነበር፤ አለቀ።

አዮ ደነገጡ። በመስኮት ሻሽቱን ጠሩ፤ ሻሽቱ ሆስፒታል ሮጠች። ሲስተር ሙላቷ መጣች። ያንን ጡሩምባ የመሰለ እንጨት ሆዴ ላይ አስደግፋ ጆሮዋን ገጠመች። ዝም። ቦታ ቀየረች። ዝም። አዮ ኮራሉን እንደ ያዙ ቆመዋል፤ ማስቀመጡን ረስተውታል።

«አለ» አለች ሲስተር። «እንደ ፈረስ ይጋልባል። ቁርጠቱ ከድንጋጤ ነው። ማነው ያስደነገጣት?»

አዮ ሰሃኑን ከጀርባቸው ደበቁ።

ታኅሣሥ 9

ጎንፋ ሌሊቱን ሙሉ ሲሠራ አድሮ ጠዋት መጣ። ሰምቷል። የቡና ገለባ ፀጉሩ ላይ እንዳለ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ።

«ዘርፌ… ያ ኮራል ሕያው አልነበረም።»

«ገደሉት እኮ!»

«አልገደሉትም። ከምጽዋ ሳወጣውም የሞተ ነበር። ጨው የሌለበት ውሃ ውስጥ ደግሞ የትኛውም ኮራል አይኖርም። ያ አረንጓዴው የሶር ነው። እዚያ ወንዙ ውስጥ ድንጋዩን ሁሉ የሚያለብሰው።»

«ታውቅ ነበር?»

«ከመጀመሪያው ቀን።»

«እና ለምን ክሩን እንድስብ አደረግኸኝ? መስታወቱን፣ ጎማውን…»

«ደስ ብሎሽ ነበራ።» አንገቱን ደፋ። «መነሳቱን ትተሽ ነበር።»

ልናደድ ፈለግሁ፤ በጣም። ባሌ ስንት ሳምንት ሙሉ ለቆሻሻ ብርሃን ሲያስመታልኝ ከረመ! ውሃ ሲያንጠባጥብለት! ልክ አፌን ልከፍት ስል ከውስጥ ረገጠኝ። እንደ መንካት አይደለም፣ ረገጠኝ። የጎንፋን እጅ ያዝኩና አስቀመጥኩበት። ደግሞ ረገጠ።

ድንጋዩ ነጭ ነው። ልጁ ይረግጣል። ስለቱ ፈረሰ፤ ልጁ አልፈረሰም። ታዲያ ከመጀመሪያውስ ማን አንድ ላይ ቋጠራቸው? እኔ። ስፌት ለምዶብኝ።

ሳቅሁ። ጎንፋ የማለቅስ መስሎት ደነገጠ። ከዚያ እሱም…

ታኅሣሥ 13

አዮ አይናገሩኝም። ማለት ይናገሩኛል፤ ግን ቀስ ብለው፣ እንደ በሽተኛ። ሻሽቱ ናት የድንጋዩን ነገር ሁሉ የነገረቻቸው። ዛሬ ጠዋት ጠፉ። ተመልሰው ሲመጡ ጀርባቸው ላይ ገንቦ። ሶር ድረስ ወርደው በዚያ ዕድሜያቸው ራሳቸው ቀድተው!

«የትኛው ውሃ እንደሚሻለው ስላላወቅሁ ከጥልቁም ከዳሩም ቀላቀልኩ» አሉ። ገንቦውን ሳያወርዱ።

የሞተ ነበር ልላቸው ነበር። ፊታቸውን አየሁና ተውኩት።

ታኅሣሥ 29

ገና። አምስተኛው ወር አለፈ!!! ይሄን ብቻ ነው የምጽፈው።

ጥር 18

አረንጓዴው ተመለሰ። ከጠርዙ፣ እንደ በፊቱ። ቀድመው ያዩት አዮ ናቸው፤ እልል ሲሉ ጓድ ደበሳ እንኳ ከመንገድ ገባ። እኔ አልተሳልኩም። ደስ ይላል ብቻ። ክሩን ግን አሁንም እስባለሁ። ሥራዬ ነው።

የካቲት 28

ስምንተኛ ወር። ሐኪሙ «ተነሽ» አለኝ። እግሬ እንደ አዲስ ጥጃ። ጎንፋ በቀኝ፣ አዮ በግራ። በሩ ድረስ ሄጄ ተመለስኩ። ከተማችን መቱ ቦታዋ ላይ ናት።

መጋቢት 27

ሴት ናት። በሆስፒታል፣ ትናንት ጠዋት። ጤነኛ። ድምፅዋን ቡሬ ድረስ ሳይሰሙት አይቀሩም። አያትዋ ዋሪቱ አሏት። ጎንፋ ቆሞ አለቀሰ። ስለ ጦርነቱም እንዲህ አላለቀሰም።

ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም፤ ጡት ፈለገች።

ሚያዝያ 22

ፋሲካው አልፎ ቤቱ ፀጥ አለ። ጡቡ ከአልጋዬ ሥር ወጣ። የስፌት መኪናዬ ጨርቋን አወለቀች፤ ያ ተቆርጦ የቀረ ቀሚስ ዛሬ ጠዋት አለቀ። የቀሚሱ ባለቤት ደግሞ ወፍራ ቆየችኝ፤ ጎኑን መፍታት አለብኝ።

አዮ ወደ ኖፓ አልተመለሱም። «ድንጋዩን ለማን ትቼ?» ይላሉ። ዋሪቱን ታቅፈው መስታወቱ ፊት ይቀመጣሉ። የጋሼ ኑረዲን ሚስት ዛሬ ልትጠይቀን መጥታ ጣቷን ውሃው ውስጥ ልትከት ስትል ጮሁባት፤ «አትንኪው! ነፍስ አለው! ሞቶ ነበር፣ በግራዋ አጥቤ ያዳንኩት እኔ ነኝ።» ሴትየዋ እጇን ሰበሰበች። ጎንፋ አየኝ። አየሁት።

ከዚያ አዮ ወደ ልጅቷ ጎንበስ ብለው፣ በለሆሳስ፣ የምሰማ ሳይመስላቸው፦ «አንቺንም አትቆይም ይሉሽ ነበር። እናትሽ እንኳ። ሰው ምን ያውቃል?»

ታዲያ ሁሉም ሰው ያውቅ ነበር? ለደብተር ብቻ የነገርኩትን ፍርሃቴን… ያውቃሉ። ሁሉም ያውቁ ነበር፤ ለዚህ ነው ያ ሁሉ ማር፣ ያ ሁሉ መስታወት።

ባልዲውን አነሳሁ። ጎንፋ ሊቀበለኝ ተነሳ፤ «ተው፣ እኔ» አልኩት። የባሕሩን ውሃ ዛሬ የቀየርኩት እኔ ነኝ። ቆሜ።