ለመስፍን የሠራሁት ቤት

ሰኞ፣ ሐምሌ 7

ትሬድሚሉ አለቀ። ከአውራ ጣቴ አይበልጥም። መሮጫው የብስክሌት ከመነዳሪ ቁራጭ ነው፣ መያዣው የወረቀት ክሊፕ። በሠራሁት ትንሽ ቤት ውስጥ፣ እማዬ ዕድሜዋን ሙሉ በተኛችበት ክፍል መሀል አቆምኩትና ብቻዬን ሳቅሁ። ክፉ ሳቅ ነበር። ደስ አለኝ።

እሑድ የእማዬ ሙት ዓመት ነው። ቀበና፣ ወንድሜ መስፍን ቤት። ማለቴ የእናታችን ቤት። ዘመድ በሙሉ ይመጣል። ከምሳ በኋላ ይሄን ትንሽ ቤት ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ጣሪያውን አነሣለሁ። ንግግር የለም። ዓይን አላቸው፣ ያዩታል።

የቀረኝ፦
የሰርቪሱ ጣሪያ
የሰርቪሱ በር፣ ከታች የበሰበሰው
አልጋዋ
ነጠላዋ፣ ሚስማር ላይ
ነጠላ ጫማዋ

ሰው አልሠራም። ፊት አይወጣልኝም።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 8

ዛሬ ሁለት የወንበር እግር ሰበርኩ።

ትንንሽ ቤት መሥራት የጀመርኩት ሐዋሳ ሳስተምር ነው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ የሚያጫውተኝ አልነበረም። መጀመሪያ ሱቅ ሠራሁ፣ ከዚያ ፀጉር ቤት፣ ከዚያ የአስተማሪዎች ክፍል፣ የዳይሬክተሩ ኮት ሳይቀር። ጓደኞቼ «ውብዓለም፣ ልጅ ወልደሽ ብትጫወቺ አይሻልም?» ይሉኝ ነበር። እኔ ግን ወረንጦዬን ይዤ ስቀመጥ ማንም አያስፈልገኝም።

ይሄኛው ግን ጨዋታ አይደለም። ሰባት ወር ፈጀብኝ።

ወደ አዲስ አበባ ተዛውሬ ላምበረት አካባቢ ይቺን ቤት የተከራየሁ ሰሞን ቀበና ሄጄ ነበር። መስፍንና ሚስቱ ትዕግሥት አልነበሩም። የአጥር ጎረቤታችን እማማ ዘነበች ጠሩኝና አስቀመጡኝ። ከዚያ «ልጄ፣ እናትሽ እኮ የሞተችው ጓሮ፣ ሰርቪሷ ውስጥ ነው» አሉኝ።

የሠራተኛ ክፍል። እቃ መጣያ የነበረችው።

ከፋሲካ በኋላ አውጥተዋት ነው። ክፍሏን ለትሬድሚልና ለትልቅ ቴሌቪዥን ፈልገውት። የሞተች ጠዋት አልጋዋን በጥድፊያ ወደ ትልቁ ቤት መለሱት። እኔ ከሐዋሳ ስደርስ በገዛ ክፍሏ፣ በንጹሕ አንሶላ ተገንዛ አገኘኋት። መስፍንን አንገቱን አቅፌ «እግዜር ይስጥህ፣ ጦርካት» አልኩት። ጦርካት! ይቺን ቃል ባስታወስኩ ቁጥር ጥርሴ ይፋጫል።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 9

እንጦጦ ወጣሁ። ለሰርቪሱ ማገር የሚሆን ቀጭን የባሕር ዛፍ ጭራሮ ፈልጌ። ከሱቅ የሚገዛው የአይስክሬም እንጨት ቀጥ ብሎ አስጠላኝ። የዚያ ክፍል እንጨት ቀጥ ያለ አልነበረም።

ጥበቃው አስቆመኝ።
«እናት፣ እንጨት መልቀም ክልክል ነው። ለምንድነው?»
«ለቤት መሥሪያ።»
የያዝኩትን አየ። አንድ እፍኝ አይሞላም። «ስንት ክፍል ነው?» አለና ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ለቀቀኝ። ደመናው ወርዶ ከተማው አይታይም ነበር። ስመለስ እስከ ጉልበቴ ጭቃ ነበርኩ።

ጭቃውንም አልጣልኩትም። ከጭድ ጋር አቡክቼ ግድግዳውን መረግሁበት።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 10

መስፍን ደወለ። ድምፁ ለስላሳ ነበር።
«ውቤ፣ እሑድ ምንም ይዘሽ እንዳትመጪ። አንቺ ብቻ ነይ። ቅዳሜ መጥቼ ልደር ካልሽም አልጋ አለ።»
የትኛው አልጋ? ልለው ነበር። ምላሴን ነከስኩ።
«አንድ ነገር ይዤ እመጣለሁ» አልኩት። «ለእማዬ መታሰቢያ።»
«ጎሽ» አለ።

ስልኩን ስዘጋ ተናደድኩ። ደግ ሆኖ እንዳያበላሽብኝ። እስከ እሑድ ክፉ ሆኖ ይቆይልኝ።

ዓርብ፣ ሐምሌ 11

የሰርቪሱ ጣሪያ ተከደነ። የለስላሳ ጣሳ በመቀስ ቀድጄ ጥርስ ባለው ብሎን ላይ ስጠቀልለው ልክ ቆርቆሮ ሆነ። በሻይና በቡና አተላ አዛግኩት። እማማ ዘነበች ያፈስ ነበር ስላሉኝ ከአልጋዋ እግርጌ ግድግዳው ላይ የውሃ መውረጃ ቀባሁ። በየት በኩል እንደሆነ አላውቅም፣ ግምት ነው። ደረቀና ሳየው እውነት መሰለ።

አልጋዋን ሠራሁ። ብርድ ልብሱ ከድሮ ሹራቧ የተቆረጠ ነው። ነጠላዋ የፋሻ ቁራጭ፣ ጥለቱ አንድ ክር። ነጠላ ጫማዋን ሦስቴ ሠርቼ ሦስቴ ጣልኩ። አራተኛው ላይ አለቀስኩ፣ ኮላው ላይ ጠብ እንዳይልብኝ ፊቴን ዞር አድርጌ።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 12

ጨረስኩ። ፊቱን ሃምሳ ጊዜ አሰብኩት። ሲቀላ። ሲክድ። ሲጮህ። እንዲክድ ነው በጣም የምፈልገው። ሲክድ እማማ ዘነበችን ዞር ብዬ አያቸዋለሁ።

ልብሴን ተኮስኩ። ጥቁር ቀሚስ።

እሑድ፣ ሐምሌ 13

ቤቱን በትልቅ ካርቶን ይዤ በኮንትራት ታክሲ ሄድኩ። በመገናኛ በኩል እያንዳንዱ ጉድጓድ ላይ ነፍሴ ልትወጣ ነበር። አንድም ነገር አልተነቀለም።

ምሳ ተበላ። የንስሐ አባታችን ጸልየው ተነሡ። እኔ ካርቶኑን አምጥቼ ከእማዬ ፎቶ ሥር ጠረጴዛው ላይ ፈታሁት።

መጀመሪያ አደነቁ! እሱን አላሰብኩትም ነበር። «ውይ ሲያምር!» «በረንዳው ራሱ!» «የሳሎኑን መጋረጃ አያችሁት?» ትዕግሥት ሳትቀር በስልኳ ፎቶ አነሣች። የትልቁን ቤት ጣሪያ ሳነሣ ትሬድሚሉን አይተው ሳቁ። ከዚያ የሰርቪሱን አነሣሁ።

አጎታችን ጋሽ ታደሰ መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ አሉ።
«ይቺ የማን አልጋ ናት?»
«የእማዬ» አልኩ። «የሞተችባት።»

ትዕግሥት «ውሸት ነው! በሙት ዓመቷ ቀን እንዲህ ያለ ነገር! ዕብድ ነሽ!» ብላ ጮኸች። እማማ ዘነበች ፊታቸውን በነጠላ ሸፈኑ። መስፍን ከወንበሩ ተነሣ። ሊሰብረው ነው ብዬ እጄን ዘረጋሁ።

አልሰበረውም። ጠረጴዛው ፊት ተንበረከከ። ዓይኑን ከሰርቪሷ በር ትይዩ አድርጎ ወደ ውስጥ አየ። ብዙ አየ። ከዚያ በጣቱ ግድግዳውን ነካ።

«እግርጌ አልነበረም የሚያፈሰው» አለ። «ራስጌዋ ነው። ሳፋ አስቀምጬላት ነበር። ቢጫ ሳፋ።»

ጋሽ ታደሰ ባርኔጣቸውን አንሥተው ሳይመርቁ ወጡ። ሌላውም አንድ በአንድ ተከተለ። ትዕግሥት መኝታ ቤት ገብታ በሩን ዘጋች። መስፍን እንደተንበረከከ ቀረ።

እኔም ወጣሁ። እማማ ዘነበች በር ላይ ክንዴን ያዙኝ። «እኔ ላንቺ ጆሮ ነው የነገርኩሽ፣ ውቤ። ለአደባባይ መች አልኩሽ?»

የፈለግሁትን አግኝቻለሁ። ሁሉም አውቀዋል። መስፍን በዚያ ሰፈር ከእንግዲህ ቀና ብሎ አይሄድም። ቤታቸው እንጀራ አልቀምስም ብዬ ስለነበር አሁን ርቦኛል፣ በልቼም አልጠገብኩም። ለምን አልካደም?

ሰኞ፣ ሐምሌ 14

ከትዕግሥት መልእክት፦ «ከዛሬ ጀምሮ አናውቅሽም።» ይሁን።

ቀትር ላይ በር ተንኳኳ። መስፍን ነው። ጃኬቱን አውልቆ ቤቱን ሸፍኖበታል፣ እሱ በሸሚዝ ብቻ በስብሷል።
«ረስተሽው ሄድሽ» አለ።
ግባ አላልኩትም። ገባ። ጠረጴዛዬ ላይ በቀስታ አስቀመጠው፣ የተነቀለ ነገር እንዳለ ዞሮ አየ፣ ከዚያ ተቀመጠ።

«በትዕግሥት አትፍረጂ» አለ። «እኔ ነኝ። ለጥቂት ቀን ነው አልኳት እማዬን፣ ክፍሉ ቀለም እስኪቀባ። እሺ አለችኝ። ከዚያ ቀኑ ሄደ። በየቀኑ ዛሬ እመልሳታለሁ እላለሁ። ጠዋት ሳፋውን እደፋላታለሁ፣ ትመርቀኛለች፣ ወደ ሥራ እሄዳለሁ።»

ሰባት ወር ሙሉ የምለውን ሳዘጋጅ ነበር። «ውሻ ነህ» አልኩት ብቻ። ራሱን ነቀነቀ፣ ልክ ነሽ እንደማለት።

ሲወጣ በሩ ጋ ቆመ።
«ላንቺ ነግራሽ ታውቃለች?»
«አንድም ቀን» አልኩ። ቶሎ ነው ያልኩት። በሩንም ቶሎ ዘጋሁት።

እዚህ እውነቱን ልጻፍ፣ ሌላ የምጽፍበት የለኝም።

አምና ሰኔ ውስጥ፣ ከሐዋሳ ስደውልላት፣ ከድምጿ ጀርባ ጠብ፣ ጠብ የሚል ነገር ይሰማኝ ነበር። ፕላስቲክ ላይ። በጣም ቅርብ።
«እማዬ፣ ምንድነው እሱ?»
«ዝናብ ነው፣ ልጄ።»
«መስኮት ዝጊያ።»
«እሺ» አለችኝ።

መስኮት እንዳልሆነ ድምፁ ይናገር ነበር። ጭኔ ላይ የፈተና ወረቀት ተከምሯል፣ ነገ ማስረከቢያው ነው። ደህና እደሪ ብያት ዘጋሁ። በሌላ ቀንም ሰማሁት። በሌላ ቀን አልጠየቅሁም።

ውጪ እየዘነበ ነው። መስፍን ጃኬቱን እዚህ ትቶታል። በዚህ ሰዓት ታክሲ ቶሎ አይገኝም፣ ከታች መንገዱ ዳር ቆሞ ይሆናል። ጃኬቱን ሁለቴ አነሣሁት፣ ሁለቴ መለስኩት። ጫማዬን አድርጌያለሁ። ገና አልወረድኩም።