ሙባረክ ባንተ ቦታ የተጫወተ ቀን

ውድ ወንድምዓለም ሲራክ፣

የማይደርስህን ደብዳቤ ስጽፍ ብታየኝ ትስቅብኝ ነበር። ያንን ጌም ከኔ ጋር የሚያውቀው ሰው ግን አንተ ብቻ ነህና የሆነውን ላንተው ልንገርህ።

ከጋራዥ ስትወጣ የእጅህን ግራሶ እንኳ በቅጡ ሳትታጠብ ትምህርት ቤት በር ላይ ትጠብቀኝና ኢዘዲን ጌም ቤት እንገባ ነበር። ሌሎቹ ኳስ ሲጫወቱ እኛ ጥጉን ይዘን፣ ወንዛቸው ደርቆባቸው ምንጩን ፍለጋ የወጡትን ወንድምና እህት እናስኬዳለን። አንተ ወንድሙን፣ እኔ እህቱን። እንግሊዝኛውን የማነብልህ እኔ ነበርኩ። «ምን አለችው?» ስትለኝ፣ «ወሬኛ ነህ አለችው» እልሃለሁ። «እሷ እንዲህ አትልም፤ ይሄ ካንቺ ነው» ትለኛለህ። ገደል ሲያጋጥማቸው ወንድሙ እህቱን ወደ ላይ ያነሳታል፤ እሷ ደግሞ ገመድ ትጥልለታለች። ብቻውን የሚያልፍ የለም።

ተራራውን ሳንጨርሰው ሄድክ። ለአባባ «ወልድያ መለዋወጫ ላመጣ ነው» ብለህ ከጓደኛህ ከሙባረክ ጋር ወጣህ። ከአፋር በኩል አንዴ ደውለህ ሳውዲ ልትሻገር መሆንህን ነገርከን። ከዚያ ክረምቱ አለፈ፣ ጤፉ ታጨደ፣ ድምፅህ ጠፋ።

በጥር ሙባረክ ብቻውን ተመለሰ። ቤት አልመጣም። ከትምህርት ቤት ስወጣ በሩ ላይ ቆሞ አገኘሁት። ፊቱ ጠቁሮ፣ ልብሱ ሰፍቶታል።

«ሲራክስ?» አልኩት።

«ኢዘዲን ጋ እንግባ» አለኝ።

ኢዘዲን የደረስንበትን ቦታ አላጠፋውም ነበር። ሙባረክ ያንተን ጆይስቲክ አነሳ። አጨዋወቱን አያውቅም፤ ልጁን ከድንጋይ ጋር ያላትመዋል። ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ ሳይነቅል መናገር ጀመረ።

«ጀልባ የምንሳፈርበት ኦቦክ ልንደርስ በእግር ነበር የምንሄደው። ደላላው በረሃ ላይ ጥሎን ጠፋ። ውሃ አለቀ። እኔ ወደቅሁ። ሲራክ ነው ደግፎ ያስኬደኝ። በማግስቱ እሱ ተቀመጠ።»

«ከዚያስ?»

«‹አንተ ሂድ፤ እደርስብሃለሁ› አለኝ። ከግመል ጠባቂዎች ውሃ ይዤ ስመለስ አልፏል። መሬቱ አልቆፈር አለን፤ ድንጋይ ደረደርንበት። የማውቀው የኛን ዱዓ ነው፤ እሱን አደረግሁለት። አጠፋሁ እንዴ?»

«አላጠፋህም» አልኩት።

ለአባባ ነገርኩት። ሰማኝና ወደ ንስሐ አባታችን ሄደ። በማግስቱ ማለዳ ሽማግሌዎቹ መርዶውን ይዘው ሲመጡ እማዬ በሩ ላይ ጠበቀቻቸው። «ግቡ፤ እኔ ካወቅሁት ቆየሁ» አለቻቸው። የጮኸችው ከተቀመጡ በኋላ ነው። አስከሬን ስለሌለ ፎቶህንና ጋቢህን መሃል አድርገን አለቀስን። ሙባረክ ከድንኳኑ አልጠፋም። ውሃ ይቀዳል፣ ወንበር ይደረድራል፤ እማዬን ግን ቀና ብሎ አያያትም። በመጨረሻ ራሷ ጠርታ፣ አንገቱን አቅፋ ሳመችው። ያን ጊዜ ነው ያለቀሰው።

አርባህ ካለፈ በኋላ እማዬ «ልጄ የሚውልበትን አሳዪኝ» አለችኝ። በጥቁር ልብሷ ጌም ቤት ስትገባ ልጆቹ ሁሉ ብድግ አሉ። ኢዘዲን ወንበሩን በእጁ ጠርጎ አስቀመጣትና ከፈተልን።

«የቱ ነው የሱ?» አለች።

ልጁን አሳየኋትና ጆይስቲኩን ሰጠኋት። በሁለት እጇ ያዘችው እንጂ ምንም አልነካችም። የኔዋ ልጅ ወዲያ ወዲህ ትላለች፤ ያንተው ቆሟል።

«ለምን አይሄድም?»

«አንቺ ካላስኬድሽው አይሄድም እማዬ። ይቺን ወደ ፊት ግፊያት።»

አውራ ጣቷን አስጠጋችና መልሳ አነሳች።

«ተዪው» አለች። «ይቁም። ብዙ ሄዷል።»

እኔም የኔዋን አምጥቼ አጠገቡ አቆምኳት። ኢዘዲን «ሰዓት ሞላ» አላለንም።

ባለህበት ጥላና ውሃ አይጥፋህ፣ ወንድምዓለም።

እህትህ ሃና
መርሳ