ሃያ ሦስቱ ነጫጭ ጨርቆች ይውረዱልን

ለ«አንድ ቀን በአረንጓዴው ምድር» የጉብኝት ፕሮግራም ጽሕፈት ቤት ክቡር ኃላፊ
ጅማ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎንና የመላ ቤተሰብዎን ጤንነት በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። የጽሕፈት ቤትዎ ሠራተኞች፣ አዲሱ መኪናዎና በራፍዎ ላይ ያስተከሏቸው አበቦችም ደህና እንደሰነበቱ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ስሜ ሸዋረገጥ ወልደሰማያት ይባላል፤ የመንደራ ቆጪ ነዋሪ ስሆን ሠላሳ አንድ ዓመት በአዋላጅ ነርስነት አገልግዬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፍልዎ በግል የላክሁልዎትን ሁለት ደብዳቤዎች ለማንበብ ሥራ እንዳልፈቀደልዎ ስለተረዳሁ ነው። ሌላ ሰው አንብቦ በቃል ቢነግርዎ ይቀልልዎታል ብዬ አሰብሁ።

ባለፈው ኅዳር የመጀመሪያው ቅዳሜ ጽሕፈት ቤትዎ ባዘጋጀው የአንድ ቀን ጉዞ ላይ ተሳትፌያለሁ። ትኬቱን የገዛችልኝ ልጄ ፍቅር ናት፤ «እማዬ፣ ዕድሜሽን ሙሉ የሰው ማሕፀን ስታይ ኖረሽ አገርሽን አላየሽም» ብላ። ስለዚህ ጉዞ ያለኝን ምስጋና በተራ ቁጥር አስቀምጫለሁ፤ በተራ ቁጥር ያልመጣ ጉዳይ በጽሕፈት ቤትዎ መዝገብ ላይ እንደማይሰፍር ሠራተኞችዎ ነግረውኛልና።

፩ኛ. ስለ መንገዱ አመሰግናለሁ። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ከከተማው መሐል ተነሥተን የቡ ወደምትባለው ከተማ ሄድን፤ የቡ ላይ ደጋውን፣ ቡናውንና ጭጋጉን አየን፤ ከዚያም ሁለተኛው መዳረሻችን፣ በግድቡ ውኃ መሐል ያለው ደሴት፣ በተቃራኒው አቅጣጫ ስለሆነ ተመልሰን ጅማን አቋርጠን ወጣን። በዚህም ምክንያት ረፋዱ ላይ በገዛ ቤቴ በራፍ በአውቶቡስ መስኮት የማለፍ ዕድል ገጥሞኛል። የተሰጣው ልብሴ ደርቆ ነበር። የቡ ላይ ደግሞ አዲስ ቀሚስ ያለበሷት ቡና ለቃሚ ለሥዕሉ ሲባል ያንኑ አንድ ቅርንጫፍ ሦስት ጊዜ እንድትለቅም ታዝዛ፣ በሦስተኛው ላይ ቅርንጫፉ ባዶ ሆኖ፣ ባዶውን ቅርንጫፍ እየዳሰሰች ፈገግ ስትል ያየኋት ከዓይኔ አትጠፋም። ሌሎቹ ተጓዦች ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ።

፪ኛ. ስለ አስጎብኚያችን ስለ ኤልያብ አመሰግናለሁ። ኤልያብ በዚህ ዓመት ከኮሌጅ የተመረቀ፣ ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ትሑትና ሰው አክባሪ ወጣት ነው። ጽሕፈት ቤትዎ ሦስት ገጽ ጽሑፍ አስይዞት፣ ከጽሑፉ ውጭ ምንም እንዳይናገር ማስጠንቀቂያ እንደሰጠው መንገድ ላይ በቅንነት አጫውቶኛል። በጽሑፉ ውስጥ የዛፍ ስም፣ የወፍ ስምና የኮረብታ ከፍታ በሜትር ተጽፎ ነበር። የደሴቱን ነዋሪዎች በተመለከተ ግን የሰፈረው አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ነው፤ እሱም «ነዋሪዎቹ እንግዳ ተቀባይ ናቸው» ይላል።

እርስዎ ሥራ ስለሚበዛብዎ፣ ጽሑፉን ያዘጋጁት ሰዎችም ደሴቱን ከጀልባ ላይ እንጂ ወርደው ስላላዩት፣ የቀረውን እኔ በኋላ ከነዋሪዎቹ በሰማሁት ልሙላው። ያ ደሴት ዱሮ ኮረብታ ነበር፤ ግድቡ ሲሞላ ውኃው ዙሪያውን ከበበውና ከላይ የነበሩት ሃያ ሦስት አባወራዎች እዚያው ቀሩ። ጤና ጣቢያ የለም፤ የስልክ መስመርም ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ይሄዳል። ያላቸው አንድ ባለሞተር ጀልባና ሙሀጅር የሚባል ጀልባ ነጂ ነው፤ ሙሀጅር የሚያድረውም ማዶ፣ በመንገዱ በኩል ነው። ስለዚህ ሰው ሲታመም ወይም ሴት ምጥ ሲይዛት ከቤተሰቡ አንዱ ወደ ውኃው ዳር ወርዶ በረጅም እንጨት ላይ ነጭ ጨርቅ ይሰቅላል። ማዶ ያለ ሰው ጨርቁን ሲያይ ለሙሀጅር ይናገራል፤ ሙሀጅርም ምግብ ላይ ቢሆን እንኳ እጁን ሳይታጠብ ይነሣል። ይህ ሕግ የትም አልተጻፈም፤ ግን ግድቡ ከሞላ ጀምሮ አንድም ቀን ተሳስቶ አያውቅም።

፫ኛ. ስለ አቀባበሉ አመሰግናለሁ። ከቀኑ ሰባት ሰዓት ግድም እኛን የጫነችው ያችው የሙሀጅር ጀልባ ወደ ደሴቱ ስትጠጋ በውኃው ዳር ነጭ ጨርቅ ተሰቅሎ ሲውለበለብ፣ ከሥሩም አንድ ሽማግሌ ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ እየዘረጉ ሲጣሩ አየን። ሽማግሌው አባቦራ የሚባሉ የደሴቱ ነዋሪ ናቸው። ኤልያብ ጽሑፉን አገላበጠ፤ ስለ ጨርቅ የሚል አጣ፤ እንግዳ ተቀባይ የሚለውን ግን አገኘ። ስለዚህ በደስታ «ይህ የእንኳን ደህና መጣችሁ ባንዲራ ነው» አለን። አጨበጨብን። ሥዕል አነሣን። እኔም ነጠላዬን ከትከሻዬ አውርጄ መልሼ አውለበለብሁላቸው፤ ሽማግሌው ይህን ሲያዩ የበለጠ እጃቸውን ማወናጨፍ ያዙ፤ እኛም የበለጠ አጨበጨብን።

ሙሀጅር ሞተሩን ዝቅ አድርጎ ለጽሕፈት ቤትዎ አስተባባሪ የተናገረውን በሁለተኛው ረድፍ ስለተቀመጥሁ በደንብ ሰምቻለሁ። «ወላሂ ይሄ ጥሪ ነው። ኩኖ፣ ይኸው፣ ሰውዬው ጠሩኝ እኮ፤ ሰው ታሟል፣ ልጠጋ» አለ። አስተባባሪዎም በጨዋነት፣ ዛሬ ጀልባዋ የእንግዶች መሆኗን፣ በጉብኝት ቀን ነዋሪ እንደማትጭን በውሉ ላይ መፈረሙን፣ ደግሞም ከደሴቱ ጀርባ በድንኳን የተዘጋጀው የዓሣ ምሳ እየቀዘቀዘ መሆኑን አስታወሱት። ሙሀጅር ዞሮ እኛን አየን። ከተጓዦቹ መሐል አንድ ሰው «ይጠጋ» እንዲል የጠበቀ ይመስለኛል።

ክቡር ሆይ፣ እዚህ ላይ ከእርስዎ በፊት ራሴን መክሰስ አለብኝ። ሰምቼ ዝም አልሁ። ያዘጋጁት ሰዎች ያውቃሉ ብዬ ነው፤ ርቦኝም ነበር፤ የሌላ ሰው ፕሮግራም አበላሸች መባልንም ፈራሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በር ሲንኳኳ ከአልጋዬ ዘልዬ የምነሣ ሴት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ድንጋይ ቢወረወር በሚደርስበት ርቀት ላይ፣ ነጠላዬን መልሼ አጣፍቼ ተቀመጥሁ።

ምሳው ጥሩ ነበር። ስለ ምሳውም አመሰግናለሁ። እዚያ ተገኝተው ያደረጉልን ንግግርም ረጅምና አስተማሪ ነበር፤ ሙሀጅር ሳያስፈቅድ ጀልባዋን አስነሥቶ የሄደው እርስዎ ስለ ደሴቱ ሰላማዊ ሕይወት በሚያስረዱበት ሰዓት ነው። ሲመለስ ጀልባዋ ላይ ፊርዶስ ተኝታ ነበር። ፊርዶስ የአባቦራ የልጃቸው ሚስት ናት፤ ሃያ ዓመቷ ነው፤ የመጀመሪያ ልጇ ነበር። ድንኳኑ ሥር፣ የዓሣ አጥንት ባልተነሣበት ጠረጴዛ አጠገብ አስተኝተን ሳያት የሕፃኑ ክንድ ቀድሞ ወጥቷል። ይህ በሥራዬ ዘመን ብዙ ጊዜ ያየሁት ነገር ነው። ቀድሞ የተደረሰበት እንደሆነ ምን እንደሚደረግ አውቃለሁ፤ ያን ጊዜ ግን ሰዓቱ አልፎ ነበር። ሙሀጅር ወደ መንገዱ አሻገረን፤ የአውቶቡሱ ሾፌርም፣ እግዜር ይስጠው፣ ማንንም ሳይጠይቅ ወደ ጅማ በረረልን። ፊርዶስ ተረፈች። ሕፃኑ ወንድ ነበር፤ ሳይተነፍስ ቀረ። እኔ ጠቅልዬ ለአያቱ ሰጠኋቸው፤ እሳቸውም አመሰገኑኝ፤ ይህን ምስጋና እስከ ዛሬ የት እንደማደርገው አላውቅም።

፬ኛ. ስለ ፍትሕዎ አመሰግናለሁ። ሙሀጅር በማግሥቱ ያለ ፈቃድ የእንግዶችን ጀልባ ስለማንቀሳቀሱ የመጀመሪያ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደርሶታል። ደብዳቤው ጥርት ባለ አማርኛ የተጻፈ ነው፤ አንድም የፊደል ግድፈት አላገኘሁበትም።

፭ኛ. በመጨረሻም ይህን ሁሉ እንድጽፍ ያስገደደኝን ውለታዎን ላንሳ። ከጉዞው ሥዕሎች ሁሉ ተመርጦ በትልቁ የታተመውና ዛሬ በመናኸሪያው አጠገብ ቆሞ የሚታየው የአባቦራ ሥዕል ነው። ነጩ ጨርቅ በላያቸው ይውለበለባል፤ እጆቻቸው ወደ ሰማይ ተዘርግተዋል፤ አፋቸው ተከፍቷል፤ ከግርጌውም «ኑ፣ እንጠብቅዎታለን» ይላል። የሚጠብቁት ማንን እንደነበር የሚያውቅ ሰው በዚያ ማለፍ ስለሚከብደው፣ እኔ ወደ ገበያ ስሄድ በሌላ በኩል እዞራለሁ።

ሥዕሉ በመወደዱም ጽሕፈት ቤትዎ እያንዳንዱ የደሴቱ አባወራ በውኃው ዳር ምሰሶ ተክሎ ነጭ ጨርቅ እንዲሰቅል፣ ጨርቁ በየሳምንቱ እንዲታጠብ፣ ሳይሰቅል የተገኘም በእንግዳ ተቀባይነት ጉድለት እንዲጠየቅ መመሪያ አውጥቷል። ሃያ ሦስት ምሰሶ፣ ሃያ ሦስት ነጭ ጨርቅ። ከማዶ ሲታይ ያምራል፤ አልዋሽም። ሙሀጅር ግን መመሪያው በወጣ በመጀመሪያው ሳምንት ጨርቅ ባየ ቁጥር እየሄደ፣ ደህና የዋሉ ሰዎችን ሰላም ብሎ እየተመለሰ፣ ነዳጁ አለቀበት። አሁን ቁጭ ብሎ ያያል። የታመመ ሰው ያለበት ጨርቅ የቱ እንደሆነ ጠየቅሁት፤ «ማዘር፣ ሁሉም ይጠራኛል፤ ማንም አይጠራኝም» አለኝ። ይህ ልጅ ሌሊት እንቅልፍ እንደሌለው ከዓይኑ ያስታውቃል።

ስለዚህ ክቡርነትዎን የምለምንዎት አንድ ነገር ብቻ ነው። ጨርቆቹ ይውረዱ። ለሥዕል ግድ ካስፈለገ ቀይ ይሰቀል፣ አረንጓዴ ይሰቀል፣ የጽሕፈት ቤትዎ ዓርማ ያለበት ይሰቀል፤ ነጩን ለታመመ ሰው ይተዉለት። ይቅርታ እንዲጠየቅ አልጠይቅም፤ ሥዕሉ ከመናኸሪያው ይነሣ አልልም፤ የሙሀጅርም ማስጠንቀቂያ ይቅር ብዬ አልከራከርም። ደሴቱ ላይ በዚህ ወር የሚወልዱ ሁለት ሴቶች አሉ። ሁለቱንም በእጄ ዳስሼ መርምሬያቸዋለሁ፤ አንደኛዋ መንታ ይዛለች። ምጥ የቢሮ ሰዓት ጠብቆ እንደማይመጣ ከእኔ ይልቅ ባለቤትዎ ያስረዱዎታል፤ ሦስቱንም ልጆችዎን ያዋለድኋቸው እኔ ነኝ።

የመንገዱን ርዝመት፣ የጽሑፉን እጥረትና የምሳውን ሙቀት ስለተቆጣጠሩልን እያመሰገንሁ፣ የሥራ ዘመንዎ እንዲረዝም፣ የሚያዩት ሁሉ እንዲያምርልዎ፣ ከሚያምረው በስተኋላ ያለውንም አንድ ቀን እንዲያዩት እመኛለሁ።

ከማይጓደል አክብሮት ጋር፣ ነጠላዋን ያውለበለበችው ተጓዥ፣
ሸዋረገጥ ወልደሰማያት
መንደራ ቆጪ፣ ጅማ

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ጽፌ ከጨረስሁ በኋላ ሳልልከው አንድ ሳምንት ቆይቷልና የደረሰውን ልጨምር። የደሴቱ ሰዎች የእርስዎን መልስ መጠበቅ ሰልችቷቸው፣ ዓርብ ከሶላት በኋላ ተነጋግረው ምልክቱን ገለበጡት፦ ችግር የገጠመው ቤት ከእንግዲህ ጨርቁን ያወርዳል፤ ሙሀጅርም በየቀኑ ጠዋትና ከቀትር በኋላ ከማዶ ሆኖ ይቈጥራል፤ ሃያ ሁለት ካገኘ ይነሣል። ብልህ ዘዴ ነበር። ሰኞ ጠዋት፣ ሙሀጅር ቈጥሮ ከሄደ በኋላ፣ አባቦራን ደረታቸውን ወጋቸው፤ ባለቤታቸው ወርዳ ጨርቁን አወረደችና ወደ ባሏ ተመለሰች። ቤታቸው ከዳገቱ በላይ ከቡናው ጀርባ ስለሆነ የውኃው ዳር አይታያትም። ረፋዱ ላይ የጽሕፈት ቤትዎ ተቆጣጣሪ በሌላ ጀልባ መጥቶ ነበር። ሙሀጅር ከቀትር በኋላ ሲቈጥር ሃያ ሦስት ሆነለት፤ አልሐምዱሊላህ ብሎ ወደ ቤቱ ገባ። አባቦራን ማክሰኞ ቀበርናቸው። የተቆጣጣሪዎን ሪፖርት በማስታወቂያ ሰሌዳዎ ላይ አንብቤዋለሁ፤ እንዲህ ይላል፦ «አንድ ምሰሶ ባዶ ሆኖ በመገኘቱ ጉድለቱ ወዲያውኑ ተስተካክሏል።»