ጫማዬን ያወለቅኩላት ስዕል

ውድ እትዬ ማንአልሞሽ፣

ትናንት በስልክ ያልሽኝን ሁሉ እስከ መጨረሻው ሰማሁ። አንቺ ስትቆጪ መሃል መግባት እንደማይቻል ከልጅነቴ አውቃለሁ። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ግን ወረቀት አንስቼ ይኸው እጽፍልሻለሁ። በደብዳቤ ደግሞ አታቋርጪኝም።

«ካንስል አድርጊው» አልሽኝ። «ሶ፣ ማን ነኝ ብለሽ ነው ሙዚየም ገብተሽ ሌክቸር የምታደርጊው? ዲግሪ አለሽ? ሰው ይስቅብኛል!» ይስቅብሻል እንኳ አላልሽም።

አልሰርዘውም። ሐሙስ ከሰዓት የቤተ ክርስቲያናችን ወይዘሮ አገሬ የሬኒየር ቢች ሰፈር እናቶቻችንን ሰብስበው በባቡር ያመጧቸዋል፤ እኔም እዚያች ስዕል ፊት ቆሜ የማውቀውን እነግራቸዋለሁ።

የትኛዋ ስዕል እንደሆነች ታውቂያለሽ። እዚህ አገር በመጣሁ ሰሞን ከቤተ ክርስቲያን መልስ አንቺና ልጅሽ ሃሴት ከተማውን እናሳይሽ ብላችሁ መሃል ሲያትል ያለው ሙዚየም ወሰዳችሁኝ። ነጠላዬን እንደለበስኩ ነበር። አንዱ ክፍል በር ላይ ስደርስ እመቤታችን ልጇን ታቅፋ ከመስታወት ጀርባ አየኋት፤ የእኛው አገር ሰዓሊ እጅ፣ ያ ትልልቅ ዓይን። ሳላስበው ጫማዬን በሩ ላይ አውልቄ ሄድኩና መስታወቱን ተሳለምኩ። ጠባቂው እየሮጠ መጣ። ጫማዬን እያሳየ ምን እንዳለኝ አልገባኝም። ዞር ብሎ አንቺን ሲጠይቅሽ የመለስሽለት ግን በዚያችው ጥቂት እንግሊዝኛዬም ገብቶኛል። «ከእኔ ጋር አይደለችም» አልሽው። ሃሴት እንኳ «ማም!» ብላ ጮኸችብሽ። አንቺ ወደ ሌላው ክፍል ሄድሽ፣ እኔ ጫማዬን በእጄ ይዤ ቀረሁ። አሳድገሽኛል፣ እዚህም ያመጣሽኝ አንቺ ነሽ፤ ይህን አልክድም። ያ ቃልሽ ግን እስካሁን ያመኛል።

ዳግም እዚያ የማልደርስ መስሎሽ ነበር። መግቢያው ነጻ በሚሆንበት ሐሙስ ሁሉ ሄድኩ። መጀመሪያ በእልህ ነበር፤ ያ ጠባቂ ደጋግሞ ይየኝ ብዬ። እየቆየ እልሁን ረሳሁት። ከስዕሏ ጎን የተጻፈችው አጭር ማብራሪያ አልበቃኝ ስትል ላይብረሪ ሄጄ መጽሐፍ ጠየቅኩ፤ አንዱ መጽሐፍ ወደ ሌላው መራኝ። ሰዓሊዎቻችን ደጉን ሰው በሁለት ዓይኑ፣ ክፉውን ግን በጎኑ በአንድ ዓይን እንደሚስሉት ያወቅኩት ሲያትል መጥቼ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ስሳለም አስተውዬው አላውቅም! እመቤታችን በእጇ የያዘቻት መሐረብ ከሮም በመጣ ስዕል ላይ የነበረች መሆኗን ሳነብ ደግሞ ተናደድኩ፤ የእኛ ብቻ መስላኝ ነበራ። ከዚያ የጣልያኖቹ ክፍል ገብቼ፣ መጽሐፌንም አገላብጬ ሳይ እነሱም ከሌላ ወስደዋል። ሰዓሊ ከሰዓሊ ይወስዳል፣ ወስዶም እመቤታችንን እንደ አገሩ ያለብሳታል። ተመልሼ የእኛዋን ሳያት ከበፊቱ ይልቅ ወደድኳት።

«ይሄ ምን ያደርግልሻል?» ላልሽው፣ ምንም። ነርሲንጉን እየተማርኩ ነው፣ እጨርሰዋለሁም። ይሄኛው ግን የራሴ ነው። «ተማሪ» ያለኝ የለም፣ «ተዪ» የሚለኝንም አልሰማም፤ አንቺንም ጭምር።

ሐሙስ ዕለት ጫማዬን አላወልቅም። ደንቡን አውቄዋለሁ፣ መስታወቱንም አልነካም። ያኔ ለምን እንዳወለቅኩ ግን ለእናቶቹ እነግራቸዋለሁ፣ አላፍርበትም። ያቺ ስዕል የተሳለችው ሊሳለሟት ነው፤ እኔም ያደረግኩት እሱኑ ነው። ይህን ደግሞ ከመጽሐፍ አላገኘሁትም።

ብትመጪ ደስ ይለኛል። ከምትኖሪበት ከሬንተን ሩቅ አይደለም፤ መኪናዬን ፓርክ የማደርግበት የለም ብለሽ እንዳታመካኚ፣ ከወይዘሮ አገሬ ጋር በባቡር ነይ። ጠባቂው ያው ሰውዬ ነው፣ አሁን ሰላም እንባባላለን። ምናልባት አስታውሶሽ ስለ እኔ ከጠየቀሽ፣ ያኔ ያልሽውን አትድገሚው። ብትደግሚውም ንግግሬን አላቋርጥም።

ያን ቀን ከአንቺ ጋር የነበረችው፣
እህትሽ ፍቅርአዲስ