የአባባ ዓይንና የዕድሩ ሕግ

ሰኞ ጥር 14 ቀን 1965 ዓ.ም.፣ ማታ

የተማሪዎቼን ደብተር ማረም ጀመርኩ። አልሆነም። ሳቄ ይመጣል፣ ወዲያው እንባዬ። ማስታወሻዬ፣ ለአንተ ልንገርህ። አባባ ትናንት በጧት ለቅሶ ሊደርሱ ወጡ። ዓይናቸው ደክሟል፤ መሪ ግን አይወዱም፤ ከኋላ ተከተልኳቸው። የድንኳን ገመድ በእጃቸው ሲያገኙ የዕድራችን መሆኑን አወቁ፤ ደረስኩ ብለው ገቡና “እግዜር ያጥናችሁ!” አሉ። ለካስ ለሠርግ የተዋሱት አሮጌው ድንኳን ነው! ሙሽራው ክው አለ። ሰው ሳቀ። አባባ አልሳቁም። ስንት ዓመት የዕድር ዳኛ የሆኑ ሰው!

ቤት ስንገባ የደበቁትን አወጡት። ብርሃን እንጂ ሰው አይታየኝም አሉ።

ረቡዕ ጥር 16

አስፈቅጄ ሆስፒታል ወሰድኳቸው። የዓይን ሞራ ነው፣ በቀዶ ጥገና ይወጣል ተባልን። ተመስገን! ችግሩ፣ የዓይን ሐኪም ከአ/አ የሚመጣው አልፎ አልፎ ነው፤ ተራ ጠባቂው ብዙ ነው። ምናልባት ከክረምት በኋላ። ክፍያውን እንችለዋለን። ናዝሬት ያለው የግል ሐኪም በሳምንቱ ይሠራል አሉ፤ የሚጠይቀው ግን የወራት ደመወዜን ነው።

አስመዘገብኳቸው። ልባችን ግን ናዝሬት ቀረ።

ቅዳሜ ጥር 19

ዛሬ ገበያ መንገድ ላይ ጋሪ ሊገጫቸው ነበር። ባለጋሪው ልጓሙን ባይስብ! ክረምት እስኪያልፍ እንዴት እጠብቃለሁ?

አ/አ በየወሩ ትንሽ ከፍለህ ስትታመም የሚያሳክምህ ድርጅት አለ ይባላል። እዚህ ያለን ዕድር ነው፤ ዕድር ደግሞ እስክንሞት ይጠብቃል። ዕድሩን ልጠይቅ ብላቸው ተቆጡ። ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ ለሞተ እንጂ ለታመመ ስሙኒ አይወጣም አሉ። ግትር! እወዳቸዋለሁ፣ ያናድዱኛል።

እሑድ ጥር 20፣ ከዕድር መልስ

ሳልነግራቸው ተነሥቼ ዕድሩ የሁለቱንም ዓይናቸውን የናዝሬት ክፍያ እንዲችል ጠየቅኩ። አባባ ቆጣ አሉ። ቀጥለው በራሴ ጉዳይ አልዳኝም ብለው ወንበራቸውን ለጸሐፊው ለባለሱቁ ለአቶ ጀማል ለቀቁ። አቶ ጀማል ሕጉን አነበቡ፤ ሕጉ ያው ነው፣ ለሞተ። ተስፋ ቆረጥኩ።

ጎረቤታችን አዴ ሎሚ ተነሡ። “ድንኳኑም ለለቅሶ ነበር የተገዛው። ለሠርግ ስናውሰው ሕጉ የት ሄዶ ነበር? ዳኛችን ሁላችንን አጽናንተዋል። እኛስ በቁማቸው ብናጽናናቸው ምን አለበት? ዋቅኒ ጅራ፣ እግዜር አለ!”

ይሁን የሚል እጁን ያውጣ ተባለ። የሁሉም እጅ ወጣ። ያላዩት አባባ ብቻ ናቸው። ጆሯቸው ላይ ነገርኳቸው። ተነሥተው ብቻቸውን ወደ ቤት አቀኑ።

ማክሰኞ ጥር 22

ሁለት ቀን ተኮራርፈን ሰነበትን። ዛሬ ቁርስ ላይ ፈረዱ። አንዱ ዓይን ናዝሬት ይሠራ፤ ሌላው እንደ ሰው ሁሉ በሆስፒታሉ ተራውን ይጠብቅ። የሁለተኛው ዓይን ገንዘብ ዕድሩ ዘንድ ይቀመጥ፣ ነገ ለሚታመም። ሕጉም ይሻሻል፤ እሳቸው ያስጽፉታል። በአንድ ዓይንም ቢሆን ጋሪ ይታየኛል አሉና ሳቁ። ከሠርጉ ወዲህ ሲስቁ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ጉልበታቸውን ሳምኩ።

ሐሙስ ጥር 24

ከነገ ወዲያ የመጀመሪያውን አውቶቡስ እንይዛለን። አዴ ሎሚ ስንቅ ልከዋል፤ እንደ ሐጅ ተጓዥ ነው የጫኑን።

ከሰዓት በኋላ ፈቃድ ልጠይቅ ዲሬክተሩ ቢሮ ገባሁ። ለአስተማሪ ረዘም ያለ ፈቃድ የሚሰጠው ለሐዘን ነው። ከወረቀቱ ቀና ሳይል፣ ማን ሞተብሽ አለኝ።

ማንም አልሞተብኝም አልኩት። አባቴ ሊያዩ ነው።