ለመሳፈር ያልወሰኑ አራት መንገደኞች

ይድረስ፦ ከለንደን በስተምሥራቅ፣ ወንዙ ዳር ላለው የመርከብ ወደብ የመንገደኞች እንክብካቤ ቡድን
ካላችሁበት

የተከበራችሁና የማትታዩ የቡድኑ አባላት ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ከነቤተሰቦቻችሁ፣ ከነኮምፒውተሮቻችሁ፣ በየምሰሶው ላይ ከሰቀላችኋቸውም ካሜራዎች ጋር እንደምን ከርማችኋል እያልኩ ሰላምታዬን በአክብሮት አቀርባለሁ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ደህና ያልሆነውን ነገሬን ከዚህ በታች በዝርዝር ታገኙታላችሁ። ስማችሁን ጠርቼ፣ አንቱ ብዬ ብጽፍላችሁ እወድ ነበር፤ ነገር ግን ለሦስት ደብዳቤዎቼ የመለሳችሁት ሁሉ «ቡድኑ» በሚል ፊርማ የሚያልቅ ስለሆነ፣ የምጽፈው ለሰው ይሁን ለማሽን እስካሁን አላረጋገጥኩም። እነዚያን ሦስቱን በእንግሊዝኛ ጽፌ ነበር። ይህን አራተኛውን በማኅበራችን መጽሔት ላይ በአማርኛ የማወጣው፣ አንደኛ እንግሊዝኛው ምንም ስላልፈየደልኝ፣ ሁለተኛ ደግሞ ስቆጣ በራሴ ቋንቋ የተሻለ ጨዋ ስለሆንኩ ነው። አስተርጓሚ እንደምታገኙ ጥርጥር የለኝም፤ ሰው ለመከታተል ጊዜ እንዳላችሁ አውቄያለሁና።

ሐረገወይን እባላለሁ። ለንደን፣ አርችዌይ የምኖር፣ በአንድ ትምህርት ቤት ወጥ ቤት ስሠራ ቆይቼ ጡረታ የወጣሁ የስልሳ ስድስት ዓመት ሴት ነኝ። ታላቅ እህቴ እትዬ አልታየሽ ሰባ ስድስት ዓመቷ ሲሆን ኖርዌይ ትኖራለች። ወንድማችን ደምመላሽ ደግሞ ግራ ጎኑን ከያዘው ሦስት ዓመት ሆኖት፣ እዚሁ ለንደን፣ ኤድመንተን በሚገኝ የአረጋውያን መንከባከቢያ ቤት አልጋ ላይ ነው። በየእሑዱ በስልክ መስኮት ይተያያሉ፤ በአካል ከተገናኙ ግን ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸው ነበር። እትዬ አልታየሽ ጆሮዋን ኦፕራሲዮን ከሆነች ወዲህ ሐኪም አውሮፕላን ስለከለከላት፣ ልጆቿ መክረው ለልደቷ የመርከብ ጉዞ ሰጧት። መርከቡ የባንክ በዓል በምትሉት የሕዝብ በዓል ሰኞ ጠዋት ስምንት ሰዓት እናንተ ዘንድ ደርሶ ከሰዓት በኋላ አምስት ሰዓት ላይ የሚነሳ ነበር። ሰዓቱን ሁሉ የጻፍኩት በእናንተ አቆጣጠር ነው፤ ኋላ ሰበብ እንዳይሆናችሁ።

ደምመላሽ ምሳውን አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ይበላል፣ አንድ ሰዓት ላይ መድኃኒቱን ይወስዳል፣ አንድ ተኩል ሲሆን መድኃኒቱ እስከ አመሻሽ ያስተኛዋል። ስለዚህ ከአንድ ተኩል በፊት ኤድመንተን መድረስ ነበረብን። ከእናንተ የፈለግነው ይህንኑ ብቻ ነው። ለዚህ ጉዳይ ያደረጋችሁልንን መስተንግዶ በቁጥር እያስቀመጥኩ እንዳመሰግን ይፈቀድልኝ።

፩ኛ. ስለ ምክራችሁ አመሰግናለሁ። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ጋሽ ሕዝቅያስ ዌምብሊ ከቤታቸው ደጅ የሚያቆሙት ደህና መኪና አላቸው። እሳቸውና ባለቤታቸው ኂሩት፣ እንግዳ በአንድ ሰው ብቻ አይቀበሉም ብለው አብረውኝ ሊመጡ ተነሡ። መኪናው ግን ቀረ፤ ድረ ገጻችሁን ቼክ ሳደርግ «ወደ ከተማው ለመግባት የሕዝብ ማመላለሻ ቀላሉና ምቹው መንገድ ነው» የሚል አግኝቼ፣ ያንንም ለጋሽ ሕዝቅያስ ጮክ ብዬ አንብቤላቸው ነበርና። ከጽሑፉ አጠገብ ባቡር ውስጥ ተቀምጣ በመስኮት እያየች የምትስቅ ሴት ፎቶ አለ። ያን ዕለት ልብ አላልኩትም፤ ኋላ አጉልቼ ሳየው ከመስኮቷ ውጪ ያለው ተራራ ነው፣ ያውም በረዶ የለበሰ። ከእናንተ ወደብ እስከ ለንደን ተራራ እንደሌለ እኔም እናንተም እናውቃለን። ሴትዮዋ የት አገር እየሄደች እንደሆነ ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።

፪ኛ. ስለ ነጩ አውቶቡስም አመሰግናለሁ። ከተርሚናሉ በር ፊት ለፊት ቆሞ፣ ግማሽ ወንበሩ ባዶ ሆኖ፣ በቀጥታ ወደ ባቡር ጣቢያው የሚሄድ አውቶቡስ ነበራችሁ። የተፈቀደው ግን መርከቡ ላይ እያሉ ለተመዘገቡ ብቻ ነው ተባለ። እህቴ ተጠይቃ ነበር። «አይ፣ ተቀባይ አለኝ» ብላ መልሳለች፤ ተቀባይ እያለው አውቶቡስ የሚያስመዘግብ ሰው ተቀባዮቹን ሰው አልቆጠራቸውም ማለት ስለሆነ። ይህን መልስ የሰማ ሠራተኛችሁ ወይ አንድ ነገር ሊያስረዳት፣ ወይ ዝም ሊል ይችል ነበር፤ እሱ የመረጠው «እንዴት ታድለሻል» ብሎ ስሟን መሰረዝ ነው።

፫ኛ. ቢጫ ሰደርያ የለበሰ ሌላ ሠራተኛችሁ እየሳቀ ምልክቶቹን ተከትለን ወደ ሕዝብ አውቶቡሱ ማቆሚያ እንድንሄድ ነገረን። ሳቁ ያኔውኑ አላማረኝም። ምልክቶቹ ሁለት ናቸው፤ አንዱ ከትልቅ የአበባ ማስቀመጫ ጀርባ ተደብቋል፣ ሁለተኛው ወደ ወንዙ ያመለክታል። «የአሥር ደቂቃ የእግር መንገድ» ይላሉ ሁለቱም። ጋሽ ሕዝቅያስ በሰዓታቸው ይዘው ሃያ ስድስት ደቂቃ ሆነ። ያንን መንገድ የለካላችሁን ሰው ዕድሜውን፣ ጤንነቱንና ሲለካ ማን እያባረረው እንደነበር ማወቅ እሻለሁ።

፬ኛ. ማቆሚያው ላይ የተለጠፈው የሰዓት ሰሌዳ የሥራ ቀን፣ ቅዳሜና እሑድ ይላል። የባንክ በዓል ሰኞ የሚባል ቀን አያውቅም፤ መርከቡን በዚያው ቀን እንደሚቀበል ግን ወደባችሁ ከዓመት በፊት ያውቅ ነበር። የታክሲው መቆሚያም ያን ዕለት ባዶ ነበር፤ ኂሩት ሁለት ቦታ ደውላ ሁለቱም አንድ ሰዓት ተኩል ትጠብቂያለሽ አሏት። በአጋጣሚ ነው ትሉኛላችሁ። እኔም በአጋጣሚ ነው ብዬ ልጽፍ ብል እጄ እምቢ አለኝ።

አምስተኛውን ከመጻፌ በፊት ተነሥቼ ውኃ ጠጥቻለሁ።

፭ኛ. አሥር ሰዓት ከሃያ ላይ አውቶቡሱ መጣ። በሩ ተከፈተ። ታላቃችን እትዬ አልታየሽ ስለሆነች ሦስታችንም ዘወር አልንላት። እሷ ደግሞ የእግዚአብሔር አገልጋይ ቆሞ እኔ አልቀድምም አለችና ለጋሽ ሕዝቅያስ ቦታ ለቀቀች። ጋሽ ሕዝቅያስ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ከባሕር የመጣች እንግዳ ቆማ እንዴት ተደርጎ ብለው ወደ ኋላ ሸሹ። እኔ «እትዬ፣ በሞቴ ግቢ» እያልኩ በትከሻዋ ገፋኋት፤ በሞቴ ማለት በቤተ ክርስቲያናችን የሚበረታታ ነገር አይደለም፣ ግን ቸኩዬ ነበር። እህቴ አንድ እግሯን አሳፍራ ሳለ ኂሩትን ጉልበቷን እንደሚያማት ትዝ አላትና፣ ያመመው ሰው ይቅደም ብላ ተመልሳ ወረደች። ኂሩት በበኩሏ ጉልበቴ ዛሬ ድኗል ብላ ማለች። ሹፌሩ ከመስታወቱ ጀርባ አንድ ነገር ተናገረ፤ እኛም በትሕትና ፈገግ ብለን ትንሽ እንዲታገሠን በእጃችን ምልክት ሰጠነው። በሩ ተዘጋ። የሚቀጥለው አውቶቡስ የሚመጣው ሌላ አንድ ሰዓት ቆይቶ ነበር።

በመጀመሪያው ደብዳቤዬ ሹፌሩ ሃያ ሴኮንድ እንኳ ሳይታገሥ በሩን ፊታችን ላይ እንደዘጋ ጽፌላችሁ ነበር። ለዚያ የሰጣችሁት መልስ እጄ ላይ አለ። ካሜራችሁን እንደተመለከታችሁ፣ አውቶቡሱ በሩን ከፍቶ ሁለት ደቂቃ ከአርባ ሴኮንድ እንደቆመና በቦታው «ለመሳፈር ያልወሰኑ አራት መንገደኞች» እንደሚታዩ ገልጻችሁልኛል። አራት ጊዜ አነበብኩት። አበባ ማስቀመጫውን ከምልክቱ ፊት ማንሣት ያልቻለ መሥሪያ ቤት የእኛን ሴኮንድ እንዲህ አንድ በአንድ ለመቁጠር ሰው ማግኘቱ ገረመኝ። ከዚያ ግን ተናደድኩ፤ በእናንተ ሳይሆን በራሴ። ልክ ናችሁ። እኔ ራሴ ደረጃው ላይ ወጥቼ ሁለት ጊዜ ወርጃለሁ።

በኋለኛው አውቶቡስ፣ ከዚያ በባቡር፣ ከዚያም በሌላ ባቡር ኤድመንተን ስንደርስ ሁለት ሰዓት ከአምስት ሆኖ ነበር። መርከቡ እንዳያመልጣት ሁለት ሰዓት ከአርባ ላይ መነሣት ነበረባት። ደምመላሽ ተኝቷል። ተረኛዋ ነርስ ከትናንት ጀምሮ በሩን እያየ እንቅልፍ እንዳልነካው ነግራን፣ ከፈለጋችሁ ልቀስቅሰው አለች። እህቴ በፍጹም አለች፤ እኔን ሲጠብቅ የደከመ ሰው በእኔ ምክንያት አይቀሰቀስም ብላ አልጋው አጠገብ ተቀመጠች። ሠላሳ አምስት ደቂቃ ፊቱን ስታይ ቆየች። ጉንጩን ብትስመው ይነቃል ብላ ፈርታ ስትነሣ ብርድ ልብሱን ሳመች። ማንኛችንም አልቀሰቀስነውም፤ ይህን ስጽፍ እንኳ ለምን እንዳልቀሰቀስነው ለራሴ ማስረዳት አቅቶኛል።

መርከቡ አላመለጣትም፤ አመሰግናለሁ፣ በመልስ ጉዞው ላይ ማንም ለማንም ቦታ አልለቀቀም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ እመጣለሁ። ደምመላሽ መምጣቷን አያምንም። ጥርጣሬ በቤታችን የዘር ነው፤ እኔ ላይ ያለውን እስካሁን ሳታዩት አልቀራችሁም። ነጠላዋን ትራሱ ሥር ትታለት ነበር፤ ይህ የሐረገወይን ነጠላ ነው አለ። ነርሷ መሰከረችለት፤ ለማባበል ተከፍሏት ነው አለ። በስልክ ራሷ ነገረችው፤ የሚያየው ግን ዘወትር የሚያውቀውን ወጥ ቤቷንና ቢጫ መጋረጃዋን ስለሆነ፣ ከዚያ ወንበር ተነሥታ አታውቅም፣ እንዳይከፋኝ ብላችሁ ተማክራችሁብኛል አለ። ፎቶ የለንም። ወደባችሁ ላይ ስልኬን ሳወጣ «የመጀመሪያውን ፎቶ ከወንድሜ ጋር ነው የምነሣው» ብላ ከለከለችኝ፤ ከወንድሟ ጋር ስትሆን ደግሞ የተኛ ሰው ፎቶ አይነሣም አለች። እናታችን እንደዚያ ነበር ያሳደገችን፤ ዓይኑን የጨፈነ ሰው ፎቶ የሚነሣው ሲሞት ብቻ ነው ትል ነበር።

ስለዚህ እህቴ አልታየሽ የዚህን አገር መሬት መርገጧን የሚያሳይ፣ እኔ የማውቀው አንድ ማስረጃ ብቻ አለ። እሱም በእናንተ ምሰሶ ላይ የተሰቀለው ካሜራ የያዘው ሁለት ደቂቃ ከአርባ ሴኮንድ ነው።

በሁለተኛው ደብዳቤዬ ይህን ፊልም በትሕትና ለምኜ ነበር። ፎርም ላካችሁልኝ። ፎርሙ የጥያቄዬን ምክንያት ከአደጋ፣ ከስርቆት፣ ከኢንሹራንስና ከ«ሌላ» አንዱን እንድመርጥ ያዛል፤ «ሌላ» ለሚለው የተተወችው ቦታ የእህቴን ስም ጽፌ ሳልጨርስ ሞላች። እንዲሁም በፊልሙ ላይ ያለችው ሰው ማንነት እንዲታወቅ፣ በዕለቱ የተነሣችውን ፎቶ አያይዤ እንድልክ ይጠይቃል። ፎቶ ቢኖረኝ ኖሮ ከእናንተ ጋር ምን ያነታርከኝ ነበር? በሦስተኛው ደብዳቤዬ ይህንኑ ስጠይቅ፣ ፊልሙ በሠላሳ አንደኛው ቀን ራሱን እንደሚያጠፋ አስታውቃችሁ ትዕግሥቴን አመስግናችኋል። ዛሬ ሃያ ስድስተኛው ቀን ነው።

እኔ ካሣ አልጠይቅም። ሹፌሩም እንዲቀጣ አልፈልግም፤ ደግ ሰው ሳይሆን አልቀረም፣ ሁለት ደቂቃ ከአርባ ሴኮንድ ቀላል አይደለም። አበባ ማስቀመጫውም ባለበት ይኑር። ሌላውን ቅሬታዬን ሁሉ ቀዳድዳችሁ ልትጥሉት ትችላላችሁ። አንድ ነገር ብቻ በመዝገባችሁ ላይ እንዲታረም እለምናለሁ፤ ለመሳፈር ያልወሰንን አልነበርንም። እኛ ለመሳፈር ከወሰንን ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሆኖናል፤ ያልወሰንነው ማን ይቅደም የሚለውን ብቻ ነበር።

ለመሥሪያ ቤታችሁ የሰፋ ሥራ፣ ለምልክቶቻችሁ የቀና አቅጣጫ፣ ለቡድናችሁም ቢያንስ አንድ ስም ያለው ሰው እንዲሰጣችሁ እየጸለይኩ፣ በታላቅ አክብሮትና ከዚያ ባላነሰ ጥርጣሬ እሰናበታለሁ።

የሁልጊዜ ደንበኛችሁ ልትሆን የማትችለው
ሐረገወይን
ከአርችዌይ

ማስታወሻ፦ ፊልሙ ድምፅ እንደሌለው ጽፋችሁልኛል፤ ግድ የለም። አራት ሰዎች አውቶቡስ በር ላይ ሲገፋፉ ካየ፣ አንድ እግሯን አሳፍራ ተመልሳ የምትወርደው እህቱ መሆኗን ለማወቅ ደምመላሽ ድምፅ አያስፈልገውም። በሩ የሚዘጋበትን ቦታ ቆርጣችሁ ማስቀረት ከፈለጋችሁም ፈቅጃለሁ። የቀራችሁ አምስት ቀን ነው። ለመላክ ያልወሰናችሁ እንደሆነ እኔ የምቆጥርባችሁ ካሜራ የለኝም፤ ወንድሜ ግን እስካሁን በሩን እያየ ነው።